አጅሬ ዝም ያለ ቀን

አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ በአንድ ማዋለጃ ክፍል ሠርታ ጡረታ ወጣች። የሥራ ባልደረቦቿ «ሲስተር በረዶ» ይሏት ነበር። ስሙ የወጣላት ክፉ ሆና አይደለም፤ መብራት ቢጠፋ፣ ደም አልቆም ቢል፣ ባል ደንግጦ በሩ ሥር ቢዘረር የእሷ ድምፅ ከፍም ዝቅም ስለማይል ነው። አንድ ቀን አንዲት ወላድ ምጥ ጠንቶባት ክንዷን ብትነክሳት፣ «ቀስ ብለሽ ንከሺ የኔ ልጅ፣ ጥርስሽን እንዳያምሽ» አለቻት ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል።

ጡረታው ግን አልተስማማትም። ጠዋት በለመደችው ሰዓት ትነሳለች፣ ጫማዋን ታጠልቃለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ የምትሄድበት እንደሌለ ትዝ ይላታል። ተመልሳ መሳቢያ ታስተካክላለች። ያስተካከለችውን ደግማ ታስተካክላለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ልጅም አልወለደችም። «የሰው ልጅ ስቀበል የራሴን ረሳሁት» እያለች ትቀልድበታለች እንጂ የሆዷን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እንዲህ ቤቱ አላስቀምጥ ብሏት ሳለ ነው የታናሽ እህቷ ልጅ የመጣው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሎጋ። እሷ ግን «ሚጢጢ» ነው የምትለው። ሲወለድ በእጇ የተቀበለችው ራሷ ናትና በዚያው ስም ቀረ፤ ከእሷ በቀር በዚህ ስም የሚጠራው የለም። ቀኝ እጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደካማ ነው፤ ብርጭቆ ይይዛል እንጂ የሸሚዝ ቁልፍ አይቆልፍም። «አራት ወር ሲሆነው ትኩሳት ይዞት ነው» ይባላል ቤተሰቡ ውስጥ። በአሥራ አምስት ዓመቱ በአንድ እጅ የሚሠራ ጆይስቲክ ከተበላሹ ዕቃዎች ገጣጥሞ ሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ከጌም ዓለም አልወጣም። አሁን ከአራት ጓደኞቹ ጋር ራሱ ጌም ይሠራል።

«አክስቴ፣ ሥራ ፈተሻል አይደል?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«አንተ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

«ሥራ ላስገባሽ ነዋ! ለሦስት ቀን። ጌም ትጫወቺልናለሽ።»

ሳቋ አመለጣት። «ልጄ፣ እኔ በስልኬ ፎቶ ማንሳት የቻልኩት እኮ ዓምና ነው።»

«የፈለግነውም እሱን ነው። የምንሠራው አስፈሪ ጌም ነው። እስካሁን ሦስት መቶ ሰው ሞክሮታል፤ ሁሉም ግን ጌም ሲጫወት ያደገ ነው። ጭራቁ በየት በኩል እንደሚመጣ ገና ሳይመጣ ያውቁታል። ምንም የማያውቅ ሰው ነው የጠፋው።»

«ደንቆሮ ፍለጋ መጣሁ በለኛ!»

«የተማረ ደንቆሮ» አላትና ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ ሄደች። ቢሮው ከቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው በሙሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። ውስጡ አምስት ጠረጴዛ፣ የተጠላለፈ ሽቦ፣ በቀትር የተዘጋ መጋረጃ። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ድምፅ እንዳታስተላልፍ ግድግዳዋ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል። እዚያች ክፍል ውስጥ አንዲት ፀጉሯን ያሳጠረች ወጣት ድምፅ ትሠራለች፤ የበር ሲጥሲጥታ፣ የእግር ኮቴ፣ የቧንቧ ጠብታ። «እንኳን ደህና መጡ ሲስተር» ብላ ወንበር ሳበችላትና ሰዓት የሚመስል ጥቁር አምባር አንጓዋ ላይ አሰረችላት።

«ይሄ ምንድነው?»

«የልብ ምትዎን የሚቆጥር ነው። እኛም እናየዋለን፣ አጅሬም ያየዋል።»

«አጅሬ ደግሞ ማነው?»

የእህቷ ልጅ አስረዳት። ጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ አንድ የተተወ አሮጌ ሆቴል ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ስድስት ቁልፍ ፈልጎ መውጣት አለበት። ሆቴሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ። ለዚያ ነገር ገና ስም ስላልወጣለት ልጆቹ በቀልድ «አጅሬ» ይሉታል።

«አጅሬ እንደ ሌሎቹ ጭራቆች የተጻፈለትን መንገድ ብቻ አይሄድም» አላት። «ያጠናሻል። የት መደበቅ እንደምትወጂ፣ ስትደነግጪ በየት በኩል እንደምትሮጪ፣ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደምትዞሪ ይይዛል። ስሜትም ሰጥተነዋል። ይናደዳል፣ ይጓጓል፣ ይሰለቻል። ሲሰለቸው ቁጭ አይልም፤ አዲስ ነገር ይሞክራል። የቤቱ ድምፅ በሙሉ በእሱ እጅ ነው፤ ነፋሱም፣ በሩም፣ ውሃውም።»

«የሚፈልገውስ ምንድነው?»

«ልብሽ እንዲመታ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«ልቤማ ይመታል፤ ባይመታ እዚህ አልመጣም» አለችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋች።

የመጀመሪያው ቀን የሳቅ ቀን ሆነ። ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ድንች ነው የያዘችው፤ ወደፊት ልሂድ ስትል ጣሪያ ታያለች፣ ልዙር ስትል ግድግዳ ትገጫለች። አጅሬ ከጨለማው ኮሪደር ብቅ ሲል ግን አልሮጠችም። ቆማ አየችው። ቁመቱ ጣሪያ የሚነካ፣ ፊቱ የተጨማደደ፣ አፉን ሲከፍት እስከ ደረቱ የሚደርስ ፍጡር ነው። እየጮኸ መጣ።

«አይዞህ፣ አይዞህ» አለችው። «ይሄ እኮ ሊወልድ ምንም አልቀረውም! እስቲ በአፍንጫህ ሳብ፣ በአፍህ ተንፍስ።»

አጅሬ ቆረጣጥሞ በላት። ልጆቹ ግን ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ስክሪኑ ላይ የልቧ ምት ስድሳ አራት ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስድሳ አራት፣ ስድሳ ስድስት፣ ስድሳ አራት። ሦስት መቶ ሰው ያስጮኸው አጅሬ አንዲትን ጡረተኛ ነርስ ማንቀሳቀስ አቃተው።

«ሰለቸው» አለች ድምፅ ሠሪዋ አንድ ሌላ ስክሪን እያየች። ያ ስክሪን የአጅሬን ስሜት በቀለም ያሳያል። «እንዲህ ሲሰለች አይቼው አላውቅም።»

በሁለተኛው ቀን ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ሴትዮዋ ጆይስቲኩን ለምዳዋለች። አጅሬ ሲመጣ አልጋ ሥር ገባች፤ አለፋት። ሌላ ክፍል ሄዳ አሁንም አልጋ ሥር ገባች። በዚህኛው ጊዜ አጅሬ ክፍሉን ዞር ብሎም ሳያይ በቀጥታ ጎንበስ ብሎ አልጋውን አነሳው።

«ወይ ጉድ! ማን ነገረው?»

«ማንም አልነገረውም» አለ የእህቷ ልጅ በኩራት። «አንቺ ነሽ ያስተማርሽው።»

ቁም ሣጥን ውስጥ ተደበቀች፤ ከሁለት ጊዜ በኋላ ቁም ሣጥን መክፈት ጀመረ። መጋረጃ ጀርባ ቆመች፤ መጋረጃ ገለጠ። ከሁሉም በላይ ያስገረማት አንድ ጊዜ የሠራው ነው። በሩ ጋ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ሄደ፤ ኮቴው እየራቀ፣ እየራቀ፣ ጠፋ። እፎይ ብላ ስትወጣ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃታል። አልሄደም። የኮቴውን ድምፅ ብቻ ነው የላከው።

ሲስተር በረዶ ማዳመጫውን አወለቀች። «ይሄ ተንኮል ነው» አለች። «ይሄ የሰው ተንኮል ነው። እናንተ ናችሁ እንዲህ አድርግ ያላችሁት?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። «አላልነውም» አለ የእህቷ ልጅ። «እኛም ዛሬ ነው ያየነው።»

ልቧ ግን ያኔም ሰማንያ አልሞላም። መገረሟ እንጂ መፍራቷ አልነበረም። ልጆቹ ያላስተዋሉት አንድ ነገር ነበር፤ አጅሬ ግን አስተውሎታል። ከሰዓት በኋላ አንድ የድምፅ ስህተት ተፈጥሮ፣ የአጅሬ ጩኸት መሀል ላይ ተቆርጦ ለሦስት ሰከንድ ያህል ማዳመጫው ጭልጥ ያለ ጸጥታ ሆነ። በእነዚያ ሦስት ሰከንዶች የሴትዮዋ ልብ መቶ አሥር ደርሶ ተመለሰ። ለራሷም አልታወቃትም። አጅሬ ግን መዘገበው።

በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች አጅሬ ብቅም አላለ። ነፋስ ይነፍሳል፣ ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ የሆነ ቦታ በር ይወዛወዛል። ሦስት ቁልፍ አገኘች። «ዛሬ ፈራኝ መሰለኝ» ብላ ቀለደች።

ያኔ ከላይኛው ፎቅ ድምፅ መጣ። የለመደችው ሻካራ ጩኸት አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ ሲጥ ያለ፣ አጭር። እንደ ጀመረ ተቆረጠ። ከእሱ ጋር ነፋሱም ተቆረጠ። ጠብታው ቆመ። በሩ ቆመ። ወለሉ፣ የራሷ ኮቴ፣ ሁሉ ነገር ዝም አለ።

አንድ ሰከንድ። ሁለት። አምስት። አሥር።

ድምፅ ሠሪዋ ስክሪኑን አይታ ከወንበሯ ተነሳች። ዘጠና። መቶ ሃያ። መቶ ሠላሳ ስምንት። ሴትዮዋ ጆይስቲኩን ለቃዋለች። ትንፋሽዋን ይዛለች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ይሁን እንጂ ስክሪኑን አታይም። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች የጠረጴዛውን ጠርዝ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ በፍጥነት ያሹ ጀመር።

«አልቅስ» አለች።

ልጆቹ ክው ብለው ቆሙ።

«አልቅስ እንጂ! አልቅስ!» ያ ከፍ ዝቅ የማይለው ድምፅ ተሰነጠቀ። «አልቅስ ሚጢጢዬ! በሞቴ አልቅስ!»

የእህቷ ልጅ ጀርባዋ ቆሞ ነበር። ዓይኑ የነበረው ቁጥሩ ላይ ነው። «አክስቴ! መቶ አርባ ስድስት!» ብሎ በደስታ ጮኸ። ከዚያ ዞሮ ፊቷን አየ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ ራሱ አነሳላት፤ እጇ የእሱን አንጓ ጨብጦ አልለቅ አለው።

«ውሃ ስጡኝ» አለች። ጠጣች። ቦርሳዋን አነሳች። «ጨርሻለሁ» ብላ ደረጃውን ስትወርድ ማንም ሊያስቆማት አልደፈረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጁ ላፕቶፑን በግራ ብብቱ ይዞ ቤቷ መጣ። እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መሳቢያ ታስተካክል ነበር።

«ትናንት የሆነው አልገባኝም» አለ። «መዝገቡን ሳገላብጥ አደርኩ። አጅሬ ጸጥታን በሌሎች ሰዎች ላይም አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሮታል። ማንም አልደነገጠም። አንዳንዱ እንደውም ያኔ ነው ውሃ የሚጠጣው። አንቺ ላይ ብቻ ነው የሠራው።»

«ሠላሳ አራት ዓመት አዋልጃለሁ ልጄ። ሕፃን ሲወጣ ያለቅሳል። ካላለቀሰ ጭንቅ ነው። ስንቱ አላለቀሰም መሰለህ! እሱ ይሆናላ ትዝ ያለኝ።»

ነገሩ ያስኬዳል። ልጁም ራሱን ነቀነቀ። ግን ላፕቶፑን ከፈተና አንድ ነገር ነካ። የራሷ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። *አልቅስ ሚጢጢዬ። በሞቴ አልቅስ።*

«ስትጫወቺ ማይክ ክፍት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሚጢጢ የምትይው እኔን ብቻ ነው።»

ለሃያ ሰባት ዓመት የተዘጋጀችበት ጥያቄ ነበር፤ ስንት ሌሊት መልሱን ደርድራዋለች። አሁን ግን የደረደረችውን ሁሉ ተወችው። በገዛ ድምፅዋ ተይዛለች። ያጋለጣት ደግሞ ሰው አይደለም፤ ሐኪም አይደለም፣ መርማሪ አይደለም። ሦስት ቀን ብቻ የተዋወቀችው፣ ነፍስ የሌለው ነገር ነው። እህቷ ያላየችውን፣ ባሏ አብሯት ተኝቶ ያላወቀውን እሱ በሦስት ሰከንድ አገኘው።

«ተቀመጥ» አለችው። ነገረችው።

እህቷ ልትወልድ የመጣችው እኩለ ቀን ላይ ነው። አንዲት ባልደረባዋ፣ «የገዛ እህትሽን አንቺ ባታዋልጃት ይሻላል፤ ዶክተሩን ልጥራው?» አለቻት። «እኔ እበቃለሁ» አለች። በዚያ ዘመን ስሟ የገነነ፣ እጇ የተባረከ የምትባል ነበረች፤ እህቷን ለሌላ መስጠት ውርደት መሰላት። ምጡ ረዘመ። የሕፃኑ የልብ ምት መውረድ ጀመረ። ሰማች። ቆጠረች። ይመለሳል ብላ ጠበቀች። ደግማ ቆጠረች። ሃያ ደቂቃ እንዲህ አለፈ። ያኔ ዶክተሩ ቢጠራ ኖሮ እናቱ ሆስፒታል ተልካ ሕፃኑ በኦፕራሲዮን ይወጣ ነበር።

«ስትወጣ እትብትህ አንገትህ ላይ ተጠምጥሟል። እንደ አመድ ነበርክ። አላለቀስክም። ጀርባህን አሸሁ፣ አፍህን ጠረግሁ፣ ደረትህን በሁለት ጣቴ እየተጫንኩ ትንፋሽ ሰጠሁህ። እናትህ ከትራሷ ቀና ብላ፣ "እትዬ፣ ምነው ዝም አለ?" አለችኝ። "ደክሞት ተኝቷል" አልኳት። ወዲያው ራሷን ሳተች። አሥራ አንድ ደቂቃ። በአሥራ አንደኛው አለቀስክ።»

ከፍታው የነበረውን መሳቢያ ገፍታ ዘጋችው።

«ካርድህ ላይ "እንደተወለደ አለቀሰ" ብዬ ጻፍኩ።»

«እጄስ?»

«ዓመት ሲሞላህ አልጨብጥ ስትል ወዲያው አወቅሁ። አንጎልህ አየር አጥቶ ነው። ትኩሳቱ አይደለም።»

ልጁ የራሱን ቀኝ እጅ እንደ ሰው ዕቃ አየው። ከዚያ ግን የተናገረው ስለ እጁ አልነበረም።

«እናቴ በአራት ወሬ የሙሽራ ልብስ ልታስረክብ ሄዳ፣ ለጎረቤት ትታኝ ነው ትኩሳቱ የያዘኝ» አለ። «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያጠፋሁህ ስትል ኖራለች። የምትሰፋልኝ ሸሚዝ በሙሉ የቀኝ እጅጌው ላስቲክ ነው፤ ላስቲኩን በከተተች ቁጥር ታለቅሳለች። አንቺ ታያለሽ። እያየሽ...»

«አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ነበር። "ትኩሳቱ ነው አይደል እትዬ?" አለችኝ። "ሊሆን ይችላል" አልኳት።»

«ሊሆን ይችላል!»

«አዎ።»

ላፕቶፑን ሳይዘጋ ብብቱ ሥር አደረገውና ወጣ። በር ሲወጣ ጎንበስ ማለት ረስቶ ግንባሩ ከጉበኑ ጋር ተጋጨ፤ ዞሮም አላየ።

በማግስቱ ጠዋት አዋላጇ እህቷ ሱቅ ሄደች። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ መኪናዋን በእግሯ እየነዳች ትሰፋለች። «እትዬ፣ በጠዋቱ ምን እግር ጣለሽ?» አለች ቀና ሳትል። አዋላጇ እንደቆመች ነገረቻት። ብቀመጥ ነገሩ ይለዝባል፣ ባልቀመጥ ይሻላል ብላ ነው የቆመችው። ሁሉንም ተናገረች፤ ዶክተሩን፣ ሃያ ደቂቃውን፣ ካርዱን።

መኪናው ለጥቂት ጊዜ ሮጠ። ከዚያ ቆመ። እህቷ መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ በዝግታ ጨርቅ ላይ ሰካችው።

«ትኩሳቱ አይደለም?» አለች።

«አይደለም።»

«እኔ ትቼው በመሄዴ አይደለም?»

«አይደለም እህቴ።»

«ትኩሳቱ አይደለም እንዴ?» አለች ለሦስተኛ ጊዜ፤ እንደ ሕፃን። ከዚያ አዋላጇ ፈጽሞ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ስድብ ጠብቃ ነበር፤ እህቷ ግን እፎይ አለች። ከሆዷ ሥር የወጣ ረጅም ትንፋሽ ነው፤ ትከሻዋ ወረደ፣ ፊቷ ፈታ አለ፣ ለአንድ አፍታ ልጃገረድ መሰለች። አዋላጇ እንዲህ ዓይነት ትንፋሽ ከወላዶች በቀር ከማንም ሰምታ አታውቅም። አልቅሳ የማታውቀው ሴትዮ ይሄን ጊዜ ነው ዕንባዋ የመጣው፤ ልትሸከመው የሚገባትን ሌላ ሰው ስንት ዘመን እንደተሸከመላት በዓይኗ አየችው።

እፎይታው ካለቀ በኋላ ንዴቱ መጣ።

«ውጪልኝ» አለች እህቷ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ሳልነካሽ ውጪ። ሃያ ሰባት ዓመት ቤቴ ስትገቢ ስትወጪ፣ ገበታዬ ላይ ስትቀመጪ! ውጪ እትዬ!»

ወጣች።

አምስት ሳምንት የደወለላት የለም። እሷም አልደወለችም፤ ይቅርታ መለመን ራሱ ሌላ ሸክም መጫን መሰላት። ጤና ጣቢያው ሄዳ የድሮውን ካርድ ጠየቀች፤ አሥር ዓመት ያለፈው መዝገብ እንደሚወገድ ነገሯት። ያም ሆኖ እውነቱን በገዛ እጇ በሁለት ገጽ ጽፋ፣ ፈርማ ለኃላፊዋ ሰጠች። ኃላፊዋ ሁለቴ አንብባው፣ «ሲስተር፣ ይሄን ምን ላድርገው?» አለቻት። «እኔም አላውቅም» አለች። «ግን የጻፍኩት ውሸት እዚህ ስለነበረ ይሄም እዚሁ ይሁን።» ወረቀቱ የክፍሉ ፋይል ውስጥ ገባ።

በስድስተኛው ሳምንት ልጁ መጣ። ተቀመጠ።

«ተናድጃለሁ» አለ። «እንዳልናደድም አልችልም። ደግሞ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያልለቀቅሽኝም አንቺ ነሽ። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ አቃተኝ። አንዱን ሳነሳ አንዱ ይወድቅብኛል።»

«አትቸኩል። እኔም አልቻልኩም።»

«ሌላም ጉድ አለ። አጅሬ ካንቺ የተማረውን ለሌሎች ሰዎች ይዞላቸው ሄደ። ያችን ቀጭን ድምፅ ያሰማና ቤቱን ጸጥ ያደርገዋል። በፊት ጸጥታው ብቻውን አይሠራም ነበር፤ አሁን ግን ድምፁንም፣ የቆይታውንም ልክ ካንቺ ልብ አወቀ። ባለፈው አንድ አባት መጥቶ ሲጫወት ማዳመጫውን ወረወረና ኮሪደር ወጥቶ ቤቱ ደወለ። ልጁ የሦስት ሳምንት ነው። "ይተነፍሳል?" እያለ ነው የሚጠይቀው።»

አዋላጇ አፏን በእጇ ያዘች። «የኔን ነገር?»

«ያንቺን። ባልደረቦቼ እስከዛሬ ከሠራነው ሁሉ ይሄ ይበልጣል አሉ። ድምፅ ሠሪዋና እኔ ብቻ አይሆንም አልን። ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ፣ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ወደነበረበት መለስኩት። ያንቺን ሦስት ቀን አጠፋሁት። ቅጂ የለም።»

«ሥራህ አልተበላሸም?»

«ትንሽ ደደብ ሆኗል» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። «ይማራል ቀስ እያለ።»

ጌሙ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እህቷ በልጇ በኩል አንድ መልእክት ላከች፦ ያን አውሬ ማየት እፈልጋለሁ፤ እሷም ትምጣ። አዋላጇ ቀለም ቀለም የሚሸተውን ደረጃ አንድ በአንድ ወጣች። እህቷ ቀድማት ደርሳ፣ ሜትሯን ማውለቅ ረስታ፣ አምባሩን አስራ ተቀምጣለች። ሰላምታ አልሰጠቻትም። «ይሄ ነው ያናዘዘሽ?» ብቻ አለች፣ በአገጯ ወደ ስክሪኑ እያመለከተች።

«እሱ ነው።»

«እስቲ እንየው ጀግናውን» ብላ ማዳመጫውን ደፋች።

አጅሬ ገና አልመጣም። አንድ በር ብቻ ሲጥ አለ። እህቷ ወንበሩን ይዛ ወደ ኋላ ልትገለበጥ ስትል አዋላጇ ያዘቻት። የልብ ምት፣ መቶ ስድሳ ሁለት። «ማነህ! ማነህ አንተ! ውጣና አናግረኝ! እናት የለህም!» እያለች በስክሪኑ ላይ ትጮኻለች፤ ጆይስቲኩን እንደ መቀስ ይዛ ታወናጭፋለች። አጅሬ ሲመጣማ ማዳመጫውን ከነሽቦው ነቅላ ተነሳች። ልጆቹ በሳቅ ጠረጴዛ ላይ ወደቁ። ልጇም ሳቀ። አዋላጇም ልትስቅ ብላ አፈረችና ወደ መጋረጃው ዞረች።

እህቷ ትንፋሽዋ ሲመለስ፣ «እዚህ አውሬ ፊት ቁጭ ብለሽ አይዞህ አልሽው አሉ» አለቻት።

«አልኩት።»

«አንቺ ሰው አይደለሽም» አለች እህቷ ራሷን እየነቀነቀች፤ ስድብ ይሁን ምን፣ ሁለቱም አላወቁም።

ወደ ፌርማታው አብረው ሄዱ። ልጁ ቢሮ ቀረ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ፈጀ።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች እህቷ መንገዱን እያየች።

«አውቃለሁ።»

«መቼ እንደምል አላውቅም። ጭራሽ እል እንደሆነም አላውቅም። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ያን ጊዜ ራሴን ስቼ ስለነበር አልሰማሁትም። ሲያለቅስ ምን ይመስል ነበር?»

አዋላጇ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አውቶቡሱ መጣ። ሰው ተጋፋ። ተሳፈሩ፤ ከኋላ በኩል ሁለት ወንበር አገኙ። ከሞተሩ ጩኸት በላይ እንድትሰማት ወደ እህቷ ጆሮ ተጠጋችና፣ አሥራ አንደኛውን ደቂቃ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራት ጀመር።